ከጆሮ የሚመጣ ማዞር ያለባችሁ፣ ሥራና ኑሮን እንዴት ገፋችሁት?

ካሸሯ

ሰላም ለዚህ ቤት ሰዎች። አዲስ አበባ አንድ የግል ባንክ ውስጥ ካሸር ነኝ። የሜኒየር በሽታ የሚባል የውስጥ ጆሮ ሕመም አለብኝ። ስሙ እስኪታወቅ ድረስ ያልተባልኩት የለም። ደም ማነስ ተባልኩ። ግፊትሽ ወርዷል ተባልኩ። ጨጓራ ነው ያለኝም አለ። አይረን ውጬ ውጬ ሆዴ ደረቀ እንጂ ማዞሩ ንቅንቅ አላለም። ከአንገት በላይ ሐኪም ጋ ስደርስ ነው የመስማት ምርመራ የታዘዘልኝ። የግራ ጆሮዬ ወፍራም ድምፆችን መስማት እያቃተው መሆኑ ያን ጊዜ ታወቀ።

ሲመጣ ተራ አለው። ጆሮዬ ድፍን ይላል። ከዚያ ይጮኻል። ከዚያ ክፍሉ መዞር ይጀምራል፣ ያስመልሰኛል። ሰዓታት ይፈጃል። ሲለቀኝ አጥንቴ ሁሉ ዝሎ እንቅልፍ ይጥለኛል።

እሱን ለምጄዋለሁ ማለት ይቻላል። ያልለመድኩት በመሃል ያለውን ጊዜ ነው። ደህና በሆንኩበት ቀንም ዛሬ ይመጣ ይሆን እያልኩ ነው የምውለው። ብር መቁጠሪያ ማሽኑ ላይ ኖቶቹ ሲግለበለቡ ማየት አልችልም። ቀና ብዬ ግድግዳ ግድግዳውን አያለሁ፣ ማሽኑ ሲቆም ወደ ቁጥሩ ዝቅ እላለሁ። ደንበኛው የናቅኩት ይመስለዋል። ጉድለት ከመጣ ደግሞ ከደሞዜ ነው። ታክሲ ላይ የኋላ ወንበር አልደፍርም፣ ጋቢና እስካገኝ አሳልፋለሁ፣ አረፈድሽ እባላለሁ። አንድ ቀን መገናኛ መሃል ተነሳብኝና ምሰሶ አቅፌ ቆምኩ። አጠገቤ የሚያልፉ ሴቶች «ገና በጠዋቱ!» ብለው ተሳሳቁ።

ኃላፊዬ ክፉ ሰው አይደለም። ግን «ምንም አይታይብሽም እኮ» ይለኛል። ቤተሰብም እንደዚያው። እናንተ ለሰው እንዴት አስረዳችሁ? ሥራስ? ምግብስ? ያላችሁን አካፍሉኝ።

እማማ ብርዱ (ደብረ ብርሃን)

ይማርሽ ልጄ። የኔ ከአንቺ ይለያል፣ ግን የጆሮ ነው ብለውኛል። ሌሊት ወደ ቀኝ ስገላበጥ አልጋው ይዞኝ ይሽከረከራል። ጥቂት ቆይቶ ይተወኛል። ጠዋት ስነሳ ደግሞ ያው። እንጀራ ስጋግር ዝቅ ብዬ እሳቱን ቆስቁሼ ቀና ስል ምጣዱ ላይ ልደፋ። ሰፌዱን ከተሰቀለበት ላወርድ ሽቅብ ሳይ ያው።

የባሰብኝ በሰሙነ ሕማማት ነው። ስሰግድ ግንባሬ መሬት ሲነካ ቤተ ክርስቲያኑ ተገለበጠብኝ። ሰው ሁሉ «ጾሙ ነው፣ ባዶ ሆድ ነው» አለኝ። ፋሲካ አልፎ ዶሮውም ተበልቶ ማዞሩ እዚያው አለ። ንስሐ አባቴ «ቆመሽ ጸልዪ፣ ስግደቱ ይቅርብሽ» ብለው አሳረፉኝ።

በኋላ ልጄ አንድ ፊዚዮቴራፒስት ጋ ወሰደችኝ። ልጁ አልጋ ላይ አስቀመጠኝ፣ ጭንቅላቴን በሁለት እጁ ያዘ፣ «ዓይንዎን እንዳይጨፍኑ» አለኝና ወደ ኋላ አጋደመኝ። ዞረብኝ፣ ጮኽኩ። እሱ ዝም ብሎ ዓይኔን ያያል። ከዚያ ጭንቅላቴን ወደ ሌላው ጎን፣ ከዚያ በጎኔ፣ ከዚያ ቁጭ። ቡና ተፈልቶ አቦል በማይደርስበት ጊዜ አለቀ። የዚያን ሌሊት በቀኝ ጎኔ ተኛሁ።

ፊዚዮው

እማማ የነገሩን ነገር መማሪያ ነው። ሥራዬ ስለሆነ ትንሽ ላብራራ።

ውስጥ ጆሮ ውስጥ ከመስሚያው ጎን ሌላ ዕቃ አለ። በየጆሮው ሦስት ግማሽ ክብ ቱቦዎች፣ ውስጣቸው ፈሳሽ። ጭንቅላት ሲዞር ፈሳሹ ይንቀሳቀሳል፣ አንጎል ወደየት እንደዞርን ያውቃል። የግንበኛ ውሃ ልክ በሉት። ከቱቦዎቹ ሥር ደግሞ ከካልሲየም ካርቦኔት የተሠሩ ደቃቅ ጠጠሮች አሉ። እነሱ ተነቅለው ቱቦ ውስጥ ሲገቡ፣ ሰው በተጋደመ ወይም ቀና ባለ ቁጥር ይንከባለላሉ። አንጎል «እየዞርን ነው» ይላል። ማዞሩ ብዙውን ጊዜ አንድ ደቂቃ አይሞላም። ዕድሜ ሲገፋ፣ በሴቶች ላይ፣ ጭንቅላት ከተመታ በኋላ ይበዛል። ምክንያቱ የማይታወቅበትም ጊዜ ብዙ ነው።

መመርመሪያው ዲክስ እና ሆልፓይክ የተባሉ ሐኪሞች እ.ኤ.አ. በ1952 ያወጡት ነው። ለእማማ የተደረገላቸው ማስተካከያ የአሜሪካዊው ሐኪም የጆን ኤፕሊ ነው፣ በ1992 ያሳተመው። ማሽን የለውም፣ መድኃኒት የለውም። አልጋና የለመደ እጅ ብቻ። ስለዚህ ነው ሰው ለዓመታት አይረን ሲውጥ ሳይ የሚያናድደኝ።

ካሸሯ፣ ያንቺ ሌላ ነው። የሜኒየር ማዞር ከ20 ደቂቃ እስከ 12 ሰዓት ይቆያል። ከመስማት መቀነስ፣ ከጆሮ ጩኸትና መደፈን ጋር ይመጣል። ጠጠር የማስተካከሉ ዘዴ ላንቺ አይሠራም። ለዚህ ነው ሐኪም ጋ ስትሄዱ «ያዞረኛል» ብላችሁ አታቁሙ የምለው። ስንት ጊዜ ይቆያል? ምን ስታደርጉ ይጀምራል? ጆሮ አብሮ ይለወጣል? እነዚህን ተናገሩ። ግማሹ ምርመራ እሱ ነው።

የዓይን ምስክር

እህቴ፣ አትልፊ። ይሄ የዓይነ ጥላ ነው። የማውቃት ልጅ እንዳንቺ ዓመታት ስትዞር ኖራ ጠበል ወሰዷት። ውሃው ጆሮዋ ላይ ሲያርፍ እዚያው ዞሮባት ወደቀች፣ ጮኸች። ያደረባት ነገር ነው የጮኸው። ሐኪም ይሄን አያውቅም።

ፊዚዮው

ወንድሜ፣ እኔም ጠበል የምጠመቅ ሰው ነኝ። ግን ያየኸውን ነገር ሐኪም በደንብ ያውቀዋል። ቀዝቃዛ ውሃ ጆሮ ውስጥ ከገባ ጤነኛውንም ሰው ያዞራል። በቱቦው ውስጥ ያለው ፈሳሽ በአንድ በኩል ቀዝቅዞ ስለሚንቀሳቀስ ነው። ሮበርት ባራኒ የተባለ ሐኪም ቪየና ላይ የታካሚ ጆሮ ሲያጥብ ነው ያስተዋለው። ውሃው ሲቀዘቅዝ ዓይን በአንድ አቅጣጫ፣ ሲሞቅ በተቃራኒው ይርገበገባል። በዚህ ሥራው የ1914ን የኖቤል ሽልማት አግኝቷል። ዜናው ሲደርሰው በሩሲያ የጦር ምርኮኛ ነበር። ዛሬም በዚያው ዘዴ ጆሮን እንመረምራለን።

እማማ ብርዱ (ደብረ ብርሃን)

እኔ ጠበሉንም እጠመቃለሁ፣ ልጁም ጋ ሄጃለሁ። አንዱ አንዱን አልከለከለኝም። ጆሮዬን ግን በጥጥ እደፍናለሁ።

አቡ ሰሚር

እኔም ሱጁድ ወርጄ ስነሳ ነበር የሚይዘኝ። ጀመዓ መሃል ሰው ላይ ወደቅኩ። ኢማሙ ወንበር ላይ ተቀምጠህ ስገድ፣ ለታመመ ሰው የተፈቀደ ነው አሉኝ። የመጀመሪያ ሰሞን ወጣት ልጅ ወንበር ላይ ሲሰግድ ሰው ያፈጥጣል። አሁን ማንም አያየኝም።

ጡረተኛው መምህር (ደሴ)

ካሸሯ ልጄ፣ እኔ ከሁላችሁም የተለየሁ ነኝ። ክፍሉ አይዞርብኝም። ማዞር የሚለውን ራሱ ለሐኪም ስናገር እየተቸገርኩ ነው የኖርኩት።

ሳንባ ነቀርሳ ተመልሶብኝ በጊዜው እንደ ደንቡ የሁለት ወር የስትሬፕቶማይሲን መርፌ ተወጋሁ። ከሳንባው ዳንኩ፣ እግዚአብሔር ይመስገን። መርፌው ሲያልቅ ግን መሬት ከዳችኝ። መስማቴ ደህና ነው። የሁለቱም ጆሮዎቼ ሚዛን ነው የሞተው።

ኑሮው እንዲህ ነው። ስሄድ ዓለም ከእርምጃዬ ጋር ይዘላል። ከሩቅ የሚመጣውን ሰው ማንነት ለማወቅ መቆም አለብኝ። የቀድሞ ተማሪዎቼ ሰላም ሲሉኝ ዝም ብዬ አልፋለሁ፣ ጋሼ ኮሩ ይባላል። ፊቴን ስታጠብ ሳሙናው ዓይኔን አስጨፍኖኝ ነው መጀመሪያ የወደቅኩት። አሁን በአንድ እጄ ቧንቧውን ጨብጬ በሌላው እታጠባለሁ። ለቅሶ ቤት ድንኳን ውስጥ ፍራሽና ምንጣፍ ላይ መራመድ አልችልም፣ በር ላይ ባለ ወንበር እቀመጣለሁ።

ዋናው ጠላቴ ጨለማ ነው። ዓይኔ ነው ቀጥ አድርጎ የሚያቆመኝ። መብራት ድንገት ከሄደ ባለሁበት መሬት ላይ ቁጭ ማለት እንጂ ግድግዳ ፍለጋ የለም። ባለቤቴ በየክፍሉ ባትሪ ሰቅላለች። ከዘራ ይዤ ስወጣ «ገና ሳያረጁ» የሚሉኝ አሉ። ይበሉ። ከዘራው ጫፍ መሬቱ የት እንዳለ ይነግረኛል።

ፊዚዮው

ጋሼ፣ ስለጻፉት አመሰግናለሁ። ይሄ በአገራችን ብዙ ሳይወራ የቀረ ጉዳይ ነው። ስትሬፕቶማይሲንና ጄንታማይሲን ሚዛኑን ይበልጥ ይጎዳሉ። ካናማይሲንና አሚካሲን መስማቱን ይበልጥ ይጎዳሉ። የተጎዳው አይመለስም። የዓለም ጤና ድርጅት ቲቢ ለተመለሰበት ሰው ስትሬፕቶማይሲን የሚሰጥበትን የድጋሚ ሕክምና ስልት እ.ኤ.አ. በ2017 እንዲቀር መክሯል። መድኃኒት ለተላመደው ቲቢም አሁን በአብዛኛው የሚውጡት እንጂ የሚወጉት አይደለም። በድሮው የታከሙና ሲራመዱ ዓለም የሚዘልባቸው ሰዎች ግን አሁንም በየሰፈሩ አሉ፣ ብዙዎቹ እርጅና ነው ብለው ተቀብለውታል።

ሹፌሩ ከቨርጂኒያ

ሰላም። እኔ እዚህ ራይድ ነው የምሠራው። አንድ ክረምት ጉንፋን ይዞኝ ለቀቀኝ ስል፣ ጠዋት ከአልጋ መነሳት አቃተኝ። ለቀናት ሳያቋርጥ ዞረብኝ። መስማቴ ደህና ነው። የሚዛኑ ነርቭ በቫይረስ ተቆጥቷል ተባልኩ። እሱ አለፈ። ከዚያ በኋላ የመጣው ግን እስካሁን አለ።

አይዞርብኝም። እየተንሳፈፍኩ ነኝ። ከሁሉ የሚብሰው ትልልቅ ሱፐርማርኬት ነው። ረጅም መደርደሪያ፣ ግራና ቀኝ ሺህ ዕቃ፣ ከላይ ነጭ መብራት። ጋሪውን የምገፋው ለዕቃው ሳይሆን ለመደገፊያ ነው። ሚስቴ ዝርዝሩን ትይዛለች፣ እኔ ጫማዬን እያየሁ እከተላለሁ። ሃይዌይ ላይ የጎን መኪኖች ሲያልፉኝ ቆሜ ወደ ኋላ የምሄድ ይመስለኛል። ማታ ሥራ ትቻለሁ፣ ማታ ነበር ገንዘቡ ያለው። ስልክ ላይ ቪዲዮ እያገላበጡ ማየትም ቀርቷል (እሱስ ይቅር)።

ለሦስት ወርና ከዚያ በላይ ሲቀጥል የራሱ ስም አለው። በባለሙያዎች መስፈርቱ የወጣለት እ.ኤ.አ. በ2017 ነው። ጆሮው ከዳነ በኋላ አንጎል የጥንቃቄ ሥራውን አላቆም ሲል ነው ብለው አስረዱኝ። ሕክምናው የሚዛን ልምምድ፣ ከሥነ ልቦና ባለሙያ ጋር በመነጋገር የሚደረግ ሕክምናና ለድብርት የሚሰጥ ዓይነት መድኃኒት በትንሹ። እናቴ ከአገር ቤት ስትሰማ «ልጄን እብድ አደረጉት» ብላ አለቀሰች። እብደት አይደለም እማዬ፣ ሚዛን ነው ብል ማን ይሰማኛል። አሁን መደብሩ ውስጥ ከበፊቱ ረዘም አድርጌ እቆያለሁ። ቀስ በቀስ እየገባሁ መልመድ ነው ያዘዙኝ፣ መሸሽ ያብሰዋል።

ዘ ከጅዳ

እኔ ቤት ሠራተኛ ነኝ። መጋረጃ ልሰቅል፣ የጣሪያ መብራት ልወለውል መሰላል ላይ ቀና ስል ይዞርብኛል። ወዲያው ይለቀኛል። ማዳም ሰነፍ ናት ትላለች። ምን ላድርግ?

ፊዚዮው

እህቴ፣ መጀመሪያ መሰላል ላይ አትውጪ። ይሄ ቀልድ አይደለም። ቀና ስትዪ መጥቶ ወዲያው የሚለቅሽ ከሆነ የጠጠሩ ይመስላል፣ ሐኪም ካገኘሽ በአንድ ቀን ሊስተካከል የሚችል ነው። «ማዞር አለብኝ» ብቻ ካልሽ ላይሰሙሽ ይችላሉ። «ከመሰላል ልወድቅ ነው፣ ሐኪም አሳዩኝ» በያቸው፣ መውደቅሽ እነሱንም ያሳስባቸዋል። እስከዚያው ከፍ ያለውን በረጅም መወልወያ ታች ቆመሽ ሥሪ። ኢንተርኔት ላይ ያለውን ራስን የማስተካከል ቪዲዮ ብቻሽን ባትሞክሪው ይሻላል። የትኛው ጆሮ እንደሆነ ሳይታወቅ አይሠራም። የአንገት ችግር ላለበት ሰውም አደጋ አለው።

የሷ ባል

ሚስቴ እንደ ካሸሯ ነች። ሲይዛት ምን እንደማደርግ ግራ ይገባኛል። ውሃ ጠጪ እላለሁ፣ ትቆጣለች። ልደግፍሽ እላለሁ፣ አትንካኝ ትላለች። እናንተ ምን ቢደረግላችሁ ትወዳላችሁ?

ካሸሯ

ወንድሜ፣ እግዜር ይስጥህ ስለጠየቅክ። እኔ የምወደው ይሄን ነው። መብራቱን አጥፋ፣ ቴሌቪዥኑን ዝጋ። ሳህን አጠገቤ አኑር። ልጆቹን ይዘህ ውጣ። አታንሳኝ፣ አታገላብጠኝ፣ «ተሻለሽ?» እያልክ አትጠይቀኝ። መልስ ለመስጠት ጭንቅላት መነቅነቅ አለብኝ፣ እሱ ነው ጉዱ። እጅህን ግን ትከሻዬ ላይ ሳትንቀሳቀስ አኑርልኝ። የሚቆም ነገር እሱ ብቻ ነው።

የሷ ባል

ለራሷ አነበብኩላት። «እንዴት አወቀች?» አለች።

የሰው ሀብት ሰው

ካሸሯ፣ ስለ ሥራው ልንገርሽ። የግል ባንክ ከሆነ የምትተዳደሪው በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ነው። የሙከራ ጊዜሽን ከጨረስሽ በ12 ወር ውስጥ እስከ 6 ወር የሕመም ፈቃድ አለሽ፣ ተከታታይም ሆነ የተቆራረጠ። የመጀመሪያው ወር በሙሉ ደሞዝ ነው። ቀጥለው ያሉት ሁለት ወራት በግማሽ፣ የመጨረሻዎቹ ሦስት ያለ ክፍያ። እየመጣ ለሚሄድ ሕመም «የተቆራረጠ» የሚለው ነው የሚጠቅምሽ። ከቀረሽ በማግስቱ አሳውቂ፣ የሐኪም ማስረጃ ያዢ።

ከዚያ በላይ ደግሞ በጽሑፍ የሥራ ቦታ ለውጥ ጠይቂ። «አመመኝ» ብቻ ብለሽ አትጻፊ። ሐኪሙ ብር ቆጠራና ድንገተኛ ማዞር አብረው እንደማይሄዱ በማስረጃው ላይ እንዲጽፍልሽ አድርጊ። ኃላፊዎች «ያማታል»ን ይረሳሉ፣ «ጉድለት ሊመጣ ይችላል»ን አይረሱም።

ካሸሯ

የመጨረሻዋን አረፍተ ነገር ፕሪንት አድርጌ ልለጥፋት ነው። አመሰግናለሁ። ስለ ምግብና መድኃኒትስ? ቤታሂስቲን እወስዳለሁ። ጨው ቀንሺ፣ ቡና ቀንሺ ተብያለሁ። ጨው የሌለው ሽሮ በላሁ፣ ማልቀስ ቀረኝ።

ፊዚዮው

ቤታሂስቲንን በተመለከተ፣ እ.ኤ.አ. በ2016 የታተመ የጀርመን ጥናት ከማስመሰያ ኪኒን ጋር አወዳድሮት ነበር። በሁለቱም ወገን ማዞሩ እኩል ቀነሰ። ብዙ ሐኪሞች ግን ጉዳቱ ትንሽ ነው ብለው ያዙታል። ያዘዘልሽን ሐኪም ሳታማክሪ አታቋርጪ፣ ግን ተአምርም አትጠብቂ። የጨውም ማስረጃ ያን ያህል ጠንካራ አይደለም። ለሁሉም ሰው የሚመከረው በቀን ከ5 ግራም በታች ነው፣ አንድ የሻይ ማንኪያ ማለት ነው። ከዚያ ላለማለፍ ሞክሪ። ቡናውን ለጥቂት ሳምንት ቀንሰሽ ለውጥ ካላየሽ ወደ ቡናሽ ተመለሺ።

ሲናሪዚን ለምትወስዱ ደግሞ አንድ ነገር። በሚያዞርበት ቀን ይጠቅማል። ለወራት በየቀኑ ሲወሰድ ግን አንጎል ሚዛኑን እንዳይለምድ ያዘገያል። አረጋውያን ላይ እጅ ማንቀጥቀጥና ሰውነት ማስገተር ሊያመጣ ይችላል። እናቶቻችን ከፋርማሲ ያለ ማዘዣ እየገዙ ለዓመታት ይውጡታል። እባካችሁ እቤታችሁ ያለውን ፓኬት እዩት።

ሌላው፣ ማዞር ሁሉ የጆሮ አይደለም። ንግግር ከተኮላተፈ፣ ነገር ሁለት ሆኖ ከታየ፣ ፊት ወይም እጅ ከዛለ፣ ጭርሱን መቆም ካቃተ፣ ወይም ድንገተኛ ከባድ ራስ ምታት አብሮ ከመጣ ስትሮክ ሊሆን ይችላል። እዚህ መጥታችሁ አትጠይቁ፣ ድንገተኛ ክፍል ሂዱ። አንድ ጆሮ በድንገት ካልሰማም በዚያው ሰሞን ሐኪም ይየው፣ ሳምንታት ካለፉ መድኃኒቱ አይረዳም።

ጡረተኛው መምህር (ደሴ)

ለኔ የጠቀመኝ ልምምዱ ነው። አውራ ጣቴን ክንዴን ዘርግቼ አቆማለሁ። ጥፍሬን ሳልለቅ እያየሁ ጭንቅላቴን ግራ ቀኝ አደርጋለሁ። መጀመሪያ ያጥወለውላል። ጠዋትና ማታ፣ የልጅ ልጄ እየቆጠረች። የሞተውን ጆሮ አያስነሳም፣ ዓይንና እግሬ ግን ሥራውን ተካፈሉት። አሁን የሱቁን ታፔላ እየሄድኩ ማንበብ ጀምሬያለሁ፣ ትልልቁን ብቻ።

ሹፌሩ ከቨርጂኒያ

ጋሼ፣ እኔም ያንኑ ነው የምሠራው፣ በፊደል የተጻፈ ካርድ ነው የሰጡኝ። እርስዎ ጥፍርዎን፣ እኔ ካርድ። መድን ድርጅቱ ለካርዱ የከፈለውን ብነግርዎ ይስቃሉ።

እማማ ብርዱ (ደብረ ብርሃን)

ካሸሯ ልጄ፣ ሽሮ ያለ ጨው የሚያስለቅሰው ቅመሙ ሲያንስ ነው። በርበሬው ሲደለዝ ጨው ይገባበታል፣ ሽሮው ሲፈጭ ይገባበታል፣ ድስት ላይ ደግሞ ትጨምሪበታለሽ። ሦስቴ ጨው ማለት ነው። የገበያውን ተይ። ነጭ ሽንኩርት፣ ዝንጅብል፣ በሶብላና ኮረሪማ አብዝተሽ ያለ ጨው አስፈጪ። ድስት ላይ በጣትሽ ጫፍ ትንሽ ጣል ታደርጊያለሽ፣ በቃ። እኔ ለሟቹ ባለቤቴ ለግፊቱ እንደዚያ ነበር የማዘጋጀው። ወደ አዲስ አበባ የሚመጣ ሰው አለኝ። በውስጥ መስመር ጻፊልኝ፣ አንድ ኪሎ አስይዤልሽ እልካለሁ።

ካሸሯ

እማማ፣ ጻፍኩልዎት። ለኃላፊዬም ደብዳቤውን ዛሬ አስገባሁ። «ጉድለት» የሚለውን ከላይ ነው ያስቀመጥኩት።

ዘ ከጅዳ

ማዳም ረጅም መወልወያ ገዝታለች። ሐኪም ጋ ዓርብ እንሄዳለን ብላለች። ፊዚዮው፣ ለሐኪሙ የምነግረውን በአረብኛ የሚጽፍልኝ ሰው እዚህ አለ?

አቡ ሰሚር

እኔ እጽፍልሻለሁ እህቴ። ስንት ሰከንድ እንደሚቆይና በየትኛው ጎን ስትተኚ እንደሚብስ ንገሪኝ፣ ማታ ከኢሻ በኋላ እዚሁ አስቀምጥልሻለሁ።